«ገና ነው»፦ ስላልተዘጋ የፊልም ፍጻሜና ስለ ትርጓሜ ሥርዓት




«ገና ነው» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በጽሕፈት አንድ ሲሆን በንባብ ሁለት ነው። «ና» ስትጠብቅ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው የልደት በዓል ደረሰ ማለት ይሆናል፤ ስትላላ ደግሞ ነገሩ አላለቀም፣ የቀረ አለ ማለት ይሆናል። ፊደሉ ብቻውን ከሁለቱ የቱን እንደሚል አይናገርም። የሚለየው አንባቢው ነው፤ አንባቢውም የሚለየው እንደ ወደደ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል መርምሮ ነው። የዛሬው ንግግር ርእስ ከዚህች ትንሽ ቃል የተወሰደው፣ የሚመረመረው ፊልም ታሪኩ በገና ሰሞን የሚፈጸም፣ ፍጻሜው ግን «ገና ነው» ብሎ ተመልካቹን የሚያሰናብት በመሆኑ ነው።

ፊልሙ በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ የታየው «ብላክ ክሪስማስ» ነው፤ በአማርኛ «ጥቁር ገና» ሊባል ይችላል። ዳይሬክተሩ ቦብ ክላርክ፣ የታሪኩ ጸሐፊ ሮይ ሙር ይባላሉ። ከተሠራ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የሆነው ይህ አስፈሪ ፊልም ለጎጃም መምህር ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ቅርብ ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በደጀን፣ የዛሬው ተማሪ ፊልምን በእጅ ስልኩ ያያል፤ ካየም በኋላ «መጨረሻው ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት የተለመዱ መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «መልሱ ይህ ነው» ብሎ መዝጋት ነው። ሁለተኛው «ደራሲው ለተመልካቹ ትቶታል፤ ሁሉም እንደ መሰለው ይፍታው» ብሎ መተው ነው። ሁለቱም መምህሩን ከድካም ያድኑታል፤ ተማሪውን ግን አያስተምሩትም። የቅኔና የትርጓሜ አገር የሆነው ጎጃም ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሴት ተማሪዎች በአንድነት የሚኖሩበት ሰፊ ቤት አለ። የገና ዕረፍት ተቃርቦ ልጃገረዶቹ በግብዣ ላይ ሳሉ፣ ፊቱ የማይታይ አንድ ሰው የቤቱን ግድግዳ ተንጠላጥሎ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ይገባል። ይህ ክፍል እንደ ባላገር ቤት ቆጥ ያለ፣ የማይፈለግ ዕቃ የሚከማችበት ስፍራ ነው። ወዲያው ስልክ ይደወላል፤ ከአንድ አፍ የብዙ ሰው ድምፅ ይወጣል፤ ጸያፍ ነገር ይናገራል፤ በኋላም «ቢሊ» እና «አግነስ» የሚሉ ስሞች ይሰማሉ። ክሌር የምትባለው ተማሪ በክፍሏ ውስጥ ትገደልና አስከሬኗ ወደ ቆጡ ወጥቶ፣ በመስኮቱ አጠገብ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የቤቱ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ማክም በዚያው ቆጥ ላይ ይገደላሉ፤ ለበዓሉ ወደ ዘመድ ሊሄዱ ተነሥተው ነበርና የት ገቡ ብሎ የፈለጋቸው የለም። የክሌር አባት ልጃቸውን ለበዓል ሊወስዱ መጥተው ያጧታል፤ ፍለጋ ይጀመራል። ፍለጋው መናፈሻውን ሁሉ ሲያዳርስ፣ ከራሳቸው በላይ ያለውን ቆጥ የሚያስታውስ ግን አይገኝም።

ከልጃገረዶቹ አንዷ የሆነችው ጄስ ከጓደኛዋ ከፒተር ጋር ተጣልታለች። ፒተር የፒያኖ ተማሪ ነው፤ እርሷ አርግዛለች፤ ላለመውለድም ወስናለች፤ እርሱ ይህን አልቀበልም ብሎ ይዝታል፤ ፈተናውንም ወድቆ ፒያኖውን ይሰባብራል። በዚህ መካከል በስልክ የሚናገረው ድምፅ በሁለቱ ጠብ ውስጥ የተነገረውን ቃል ይደግመዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፖሊስ ጥርጣሬ ወደ ፒተር ያዘነብላል። የስልክ ሠራተኛው በማዞሪያው ክፍል መሣሪያዎች መካከል እየሮጠ ጥሪው ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ፣ ጥሪው ከዚያው ከልጃገረዶቹ ቤት ውስጥ እየመጣ መሆኑ ይታወቃል። ጄስ ቤቱን ለቅቃ እንድትወጣ ብትታዘዝም ጓደኞቿን ትታ መውጣት ስላልሆነላት ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሞተው ታገኛቸዋለች፤ ከበር ኋላ የሚያያትን አንድ ዓይን ታያለች፤ ሸሽታ ወደ ምድር ቤት ትገባለች። ፒተር የምድር ቤቱን የመስኮት መስተዋት ሰብሮ፣ ስሟን እየጠራ ሲገባ፣ እርሱ ነው ብላ በያዘችው የእሳት መቆስቆሻ ብረት ትገድለዋለች።

ፖሊሶች ደርሰው ሬሳውንና ልጅቱን ያገኛሉ። ነገሩ አለቀ ይላሉ። ጄስ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቷት አልጋዋ ላይ ትተኛለች። የክሌር አባት በድንጋጤ ይወድቃሉ፤ ሁሉም ወደ እሳቸው ይዞራል፤ ቤቱ ባዶ ይቀራል፤ አንድ ጠባቂ ብቻ በደጅ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ካሜራው ከተኛችው ልጅ ተለይቶ በቀስታ ወደ ላይ ይወጣል። ቆጡ ላይ ሁለቱ አስከሬኖች እንዳሉ ናቸው። የቢሊ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ቤቱ ከውጭ ይታያል፤ ስልኩም ይደወላል። የሚያነሣው የለም። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር በጨለማው ላይ ሲያልፍ ስልኩ መደወሉን አያቆምም፤ ፊልሙም በዚሁ ያበቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ገዳዩ ማን ነው? ልጅቱስ ተረፈች ወይስ ሞተች?

ወደ መልሱ ከመገባቱ በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስማቸው ከቅኔ ጋር የተሳሰረ የጎጃም ቦታዎች ናቸው። ከእነዚህ ጉባኤዎች የወጣ ሊቅ ለበዓል የሚያቀርበው ቅኔ ለዚያ ቀን አዲስ ሆኖ የሚዘረፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የተባለው አይደገምም። ሰሚውም ወረቀት ሳይዝ በጆሮው ሰምቶ እዚያው ሰሙን ከወርቁ መለየት አለበት። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የፈለገውን ቅርፅ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስበታል።

ከዚህ ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ቁም ነገር አለ። ወርቁ እንደ ወደደ አይፈስም። ሰሙ የተወለትን ቅርፅ ይይዛል እንጂ ሌላ ቅርፅ ከራሱ አያመጣም። ስለዚህ «ቅኔ ነው፤ ሁሉም እንደ መሰለው ይፍታው» የሚለው አነጋገር በቅኔ ቤት ተቀባይነት የለውም። የትርጓሜ መጻሕፍት መምህርም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ንባብ አንድ ትርጓሜ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ነገር ግን እያንዳንዱ «አንድም» ከመጽሐፉ ምስክር ይጠየቅበታል። ምስክር የሌለው «አንድም» በጉባኤ አይቆምም። ሊቃውንቱ «ንባብ ይገድላል፤ ትርጓሜ ያድናል» ሲሉ ይህን ሁሉ ሥርዓት በልባቸው ይዘው ነው።

አሁን ፊልሙ በዚህ ሥርዓት ይመዘን።

የመጀመሪያው ትርጓሜ ገዳዩ ፒተር ነው የሚል ነው። ምስክር አለው። የጠባቸው ቃል በስልክ ተደግሟል፤ ፒያኖ ሰባብሯል፤ መስተዋት ሰብሮ ገብቷል። ነገር ግን ፒተር ከሞተ በኋላ የቢሊ ድምፅ በቆጡ ላይ ይሰማል። ሙት አይናገርምና ይህ ትርጓሜ በራሱ በፊልሙ ምስክርነት ይወድቃል። የጠባቸው ቃልም በስልክ መደገሙ በዚያው ቤት ተሸሽጎ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው እንዳለ ያመለክታል እንጂ ፒተርን ለብቻው አይከስም።

ሁለተኛው፣ ገዳዩ ሌላ ሰው ነው፤ ልጅቱንም በመጨረሻ ገድሏታል የሚል ነው። የዚህ ትርጓሜ ፊተኛ ክፍል ጽኑ ነው። በግብዣው ዕለት የወጣው ሰው ከቤቱ አልሄደም፤ ከበር ኋላ የታየችው ዓይንም የእርሱ ናት። የኋለኛው ክፍል ግን ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል። ይህን የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ የስልኩ ጥሪ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ጥሪና ግድያ ተከታትለው ይመጣሉና የመጨረሻው ጥሪ የልጅቱን ሞት ያበሥራል ይላሉ። አስተያየቱ ብልህነት አለው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው በቤቱ ውስጥ ማንም ሳይሞት መሆኑ ይረሳል። ስለዚህ ጥሪው ሞትን ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ልጅቱ ተርፋለች የሚል ነው። ምስክሩ በደጅ የቆመው ጠባቂና ሞቷ ያልታየ መሆኑ ነው። ይህም ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጠባቂው ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ የቆመበት ቤት አደጋው በውስጡ ነውና።

ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ፍሬ ይህ ነው። የፊልሙ ፍጻሜ አሻሚ ነው ሲባል ሁሉም ነገር አሻሚ ነው ማለት አይደለም። «ገዳዩ ፒተር ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ተዘግቷል፤ አይደለም። «ቢሊ ማን ነው?» የሚለው ስም እንጂ ፊት አልተሰጠውም። «ልጅቱ ምን ሆነች?» የሚለው ክፍት ነው፤ ክፍት ሆኖም ሊቀር ይገባዋል። ጥሩ ተርጓሚ የሚታወቀው የተዘጋውን በር ከተከፈተው በመለየቱ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው፣ መልሱ ግን ግልጽ የሆነ አራተኛ ጥያቄ አለ። ልጅቱን ለዚህ አደጋ አሳልፎ የሰጠ ምንድን ነው? ፍርድን ቶሎ መዝጋት ነው። ክሌር እንደ ጠፋች ናት፤ አባቷም በዚያው ቤት ቆመዋል፤ ሒሳቡ እንዳልሞላ ማንም ሊያስተውል ይችል ነበር። የመቶ አለቃ ፉለርና ባልደረቦቹ ግን በእጃቸው የገባውን ሬሳ አይተው መዝገቡን ዘጉ። በአገራችን ተረት የቆጡን አወርድ ያለችው የብብቷን ጣለች። እነዚህ ደግሞ የብብታቸውን አጥብቀው ይዘው የቆጡን ረሱት። ሰሙን ይዘው ወርቁ አለን ያሉ ተርጓሚዎች ናቸው። ፊልሙ የሚያስፈራው ደም በማሳየቱ አይደለም፤ የሚያሳየውም ደም ጥቂት ነው። የሚያስፈራው፣ ተመልካቹ ራሱ ከፖሊሶቹ ጋር «ፒተር ነው» ብሎ ፈርዶ ከቆየ በኋላ ካሜራው ወደ ቆጡ ይዞት ሲወጣ ነው።

በዓሉም ለታሪኩ ጌጥ ብቻ ሆኖ አልገባም። በዓል በር ያስከፍታል። ባርብ የምትባለው ተማሪ በክፍሏ ስትገደል፣ በደጅ ሕፃናት የገና መዝሙር እየዘመሩ ነበር፤ ጄስም በራፍ ላይ ቆማ እነርሱን ስታዳምጥ ከላይ ያለውን አልሰማችም። ይህን ለመረዳት የባዕድ አገር ልማድ ማወቅ አያስፈልግም። በቡሄ ማታ ሆያ ሆዬ ባዮች ከደጅ ሲደርሱ የቤቱ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ደጅ እንደሚያደርግ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ደራሲው ያስተዋለው ይህን ነው፤ ደስታ ባለበት ሰዓት ጥበቃ ይላላል።

ፊልሙ ወደ አሜሪካ ሊላክ ሲዘጋጅ የአከፋፋዩ ኩባንያ የዋርነር ብራዘርስ ኃላፊዎች ፍጻሜው እንዲለወጥ ጠይቀው ነበር። የክሌር ወዳጅ የሆነው ክሪስ ገዳዩ ራሱ ሆኖ ተገልጦ ጄስን እንዲገድላት ፈለጉ። ቦብ ክላርክ እንቢ አለ። ቢቀበል ኖሮ ተመልካቹ አንድ ስም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ በማግሥቱም ይረሳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊልሙ እንደ ገና ሲሠራ ግን የቢሊ የልጅነት ታሪክ ከነመከራው ተዘርዝሮ ቀረበ። ያልታወቀው ታወቀ፤ ፍርሃቱም በዚያው መጠን ቀነሰ። ምክንያቱም ታሪክ ያለው ገዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ሲሆን፣ ፊት የሌለው ድምፅ ግን የማንም ቤት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ፍርድን ቶሎ የመዝጋት አደጋ በፊልም ብቻ የታየ አይደለም። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። አድካሚና ከሥራ የሚያስፈታ ቢሆንም፣ ብዙ አፍ የሚሰማበትና ነገር ከነገር የሚነጻጸርበት ሸንጎ ነበር። ከዚህ ጎን ሌባ ሻይ የሚባል ሌላ መንገድ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ከደረሰበት ቤት ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ልማድ የቀረው ብዙ ንጹሕ ሰው ካስለቀሰ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የትርጓሜ ልዩነት ነው። ሌባ ሻይ አንድ ምልክት አይቶ ይፈርዳል፤ አውጫጭኝ ግን ቢያንስ «ሌላስ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ፒተር በመስኮት መግባቱ ለፖሊሶቹ ልጁ በደጃፍ እንደ ወደቀ ያህል ሆነላቸው።

አሻሚ ቃልን ሳይዘጉ በጥንቃቄ መያዝን ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱ ደራሲም አሳይተውናል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በእንዶዳም ተወልደው በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረው አደጉ፤ በ1958 ዓ.ም. ላሳተሙት ልብ ወለድም «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚል ስም ሰጡት። «እስከ» የምትለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አላት። «እስከ ወንዙ ሸኘሁት» የሚል ሰው ወንዙ ሲደርስ ተመልሷል፤ «እስከ ልጅ ልጁ ባረከው» ሲባል ግን የልጅ ልጁም በበረከቱ ውስጥ አለ። እንግዲህ ፍቅሩ በመቃብር አፋፍ ላይ ይቆማል ወይስ ወደ መቃብሩም ይገባል? ደራሲው ሁለቱንም የሚችል ቃል መርጠው፣ መልሱን በታሪኩ ውስጥ እንዲፈለግ ተዉት። አንባቢ ከመጽሐፉ ምስክር እየጠቀሰ ይከራከርበታል፤ ክርክሩም መጽሐፉን ሕያው አድርጎ ያኖረዋል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

የመምህሩ ሥራ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ፈተናችን በአብዛኛው ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱን ምረጥ የሚል ስለ ሆነ፣ ተማሪው የማንኛውም ጥያቄ መልስ አንድ ፊደል ይመስለዋል። አንድ ፊደል የማይበቃው ጥያቄ ሲገጥመው ደግሞ መልስ የለውም ብሎ ይተወዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች የሚያድነው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ «ምስክርህ ምንድን ነው?» የሚል። ተማሪው «ሞታለች» ቢል ምስክሩን ይጠየቅ፤ «ተርፋለች» ቢልም ይጠየቅ፤ «አይታወቅም» ቢልም እንኳ ምኑ እንደማይታወቅና ምኑ እንደሚታወቅ ለይቶ እንዲናገር ይጠየቅ። ይህን በአንድ ፊልም ላይ የተለማመደ ልጅ፣ ነገ ዳኛ ወይም መርማሪ፣ ሐኪም ወይም ሽማግሌ ሲሆን፣ በእጁ የገባውን የመጀመሪያ ምልክት ይዞ መዝገብ አይዘጋም፤ ወደ ቆጡ ወጥቶ ያያል።

በባላገሩ ቤት ማታ በእሳት ዳር ስለ ጭራቅ ሲወራ ቆይቶ፣ ተራቹ ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ጠይቆ ይጨርሳል። ሕፃናቱ በዚያ ቃል ጭራቁ ከተረቱ ጋር እንደ ተዘጋ ያውቃሉ፤ ተረጋግተውም ይተኛሉ። ይህ ለሕፃን የሚገባ ደግነት ነው። ላደገ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ የማይዘጋ ታሪክ ያስፈልገዋል። በዚያ በረዶ በሸፈነው ቤት ስልኩ ሲደወል የሚያነሣው የጠፋው፣ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ነገሩ አለቀ ብለው ስለ ሄዱ ነው። ተመልካቹ ግን ይሰማዋል፤ ከተቀመጠበትም ሳይነሣ «ገና ነው» ይላል፤ «ና»ን አላልቶ።